እግር ሳያወርዱ መውጣት፦ የድሮዎቹ የትሪያል ሞተር ብስክሌቶች

የሞተር ብስክሌት ውድድር ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ፍጥነት ነው፤ አቧራ፣ ጩኸት፣ ቀድሞ የደረሰ ዋንጫ የሚያነሣበት። ትሪያል የሚባለው ስፖርት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ተወዳዳሪው ድንጋይ፣ ጭቃ፣ የወንዝ ውኃና የዛፍ ሥር የሞላባት አጭር መንገድ ትሰጠዋለች። የሚጠበቅበት እግሩን መሬት ሳያስነካ ከመግቢያዋ እስከ መውጫዋ መድረስ ነው። ዳር ቆሞ የሚመዘግብ ዳኛ አለ። እግር አንድ ጊዜ መሬት ከነካ 1 ነጥብ ይቆጠርበታል፤ ደጋግሞ ከነካ 3፤ ከወደቀ ወይም ከተከለለው መስመር ከወጣ 5። ዝርዝር ደንቡ በየዘመኑ ቢለዋወጥም መሠረቱ ይኸው ነው፤ ትንሽ ነጥብ የያዘ ያሸንፋል። ፈረስና በቅሎን ለሚያውቅ ያገራችን ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ሜዳ ላይ ፈረስ ይመሰገናል፤ ገደል ላይ ግን ሰው የሚያምነው በቅሎውን ነው። የትሪያል ሞተር ብስክሌት የብረት በቅሎ ነው።

የኢዮቤልዩ መጽሔታችን አዘጋጆች «አንድ የታሪክ ጽሑፍ አምጣ» ሲሉኝ፣ ስለ ማኅበራችን አመሠራረት የሚጽፉ ከእኔ የተሻሉ አባቶችና እናቶች ስላሉ፣ እኔ በሽርሽራችን ቀን ልጆቻችን ከበው «ጋሼ፣ የዚህ ሞተር መቀመጫው የት ሄደ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ ዕቃ ብጽፍ ይሻላል አልኩ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስፖርቱ እናት አገር ብሪታንያ ናት። በተለይም ስኮትላንድ። በዚያ በ1909 የተጀመረው የብዙ ቀን ጉዞ በኋላ «የስኮትላንድ የስድስት ቀን ትሪያል» ተብሎ እስከ ዛሬ ይካሄዳል። ማዕከሉ ፎርት ዊልያም የምትባል ከተማ ነች፤ 1,345 ሜትር ከፍታ ካለው ከቤን ኔቪስ ተራራ ሥር። ተራራው ከእኛ አገር ተራሮች ጋር ሲወዳደር ጉብታ ነው፤ ዝናቡና የረጠበው ድንጋዩ ግን ቀልድ አያውቅም። በመጀመሪያው ዘመን ዓላማው ስፖርት ብቻ አልነበረም። ሞተር ብስክሌት ዳገት መውጣት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ራሱ ጥያቄ ስለነበረ፣ ፋብሪካዎች ዕቃቸውን የሚያስመሰክሩበት ፈተና ነበር። «ትሪያል» የሚለው ቃልም ሙከራ ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት 20 ዓመታት መድረኩ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ነበር፤ ኤሪየል፣ ኤጄኤስ፣ ማችለስ፣ ቢኤስኤ፣ ሮያል ኤንፊልድ። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት፣ 350 ወይም 500 ሲሲ፣ ከባድ ብረቶች። ክብደታቸው ለነጂው ፈተና ቢሆንም፣ ትልቁ ቮላኖ ሞተሩን ቀስ ብሎ ስለሚያዞረው እንደ በሬ ዱብ ዱብ እያሉ ዳገቱን ይወጡታል። በ1961 ጎርደን ጃክሰን በኤጄኤስ የስድስቱን ቀን ውድድር ሲያሸንፍ የተቆጠረበት 1 ነጥብ ብቻ ነበር። ልብ በሉ፤ በስድስት ቀን ሙሉ፣ በዚያ ሁሉ ድንጋይ ላይ፣ እግሩ መሬት የነካችው አንድ ጊዜ ነው!

ከዚያ ሳሚ ሚለር መጣ። በ1933 ቤልፋስት የተወለደው ይህ ሰው ነጂ ብቻ ሳይሆን እጁ የተፈታ መካኒክም ነበር። ጂኦቪ 132 የሚል ታርጋ የነበራትን 500 ሲሲ ኤሪየሉን በየዓመቱ እየፈታ፣ እየቀነሰ፣ እየሞረደ ወደ 110 ኪሎ ገደማ አወረዳት። ከ1959 እስከ 1969 ለ11 ተከታታይ ዓመታት የብሪታንያ ሻምፒዮን ሆኗል። ታሪኩን የለወጠው ግን ከሁሉም የምትበልጠውን ያችን ሞተር ትቶ በ1964 ወደ ባርሴሎና መሄዱ ነው።

ባርሴሎና አጠገብ ፍራንሲስኮ ሀቪየር ቡልቶ የሚባል ባለሀብት ነበር። ከአጋሩ ጋር ያቋቋመውን ሞንቴሳ የተባለ ፋብሪካ በሐሳብ ልዩነት ጥሎ ወጥቶ በ1958 ቡልታኮን መሠረተ። ስሙ ከአባቱ ስምና «ፓኮ» ከሚለው የቁልምጫ ስሙ የተገጣጠመ ነው። ሚለር እዚያ ከመሐንዲሶቹ ጋር ሠርቶ ያወጣት ሞተር ሸርፓ ቲ ተባለች። ባለ ሁለት ምት፣ 244 ሲሲ፣ ክብደቷ ወደ 90 ኪሎ። በ1965 ሚለር በእሷ የስኮትላንዱን የስድስት ቀን ትሪያል አሸነፈ። እንግሊዝ ያልሠራችው ሞተር ብስክሌት ይህን ውድድር ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ ከባዶቹ የብሪታንያ ሞተሮች ባንድ ጊዜ አረጁ።

ቀጥሎ ያለው የስፔን ዘመን ነው። ሞንቴሳ «ኮታ»ን፣ ኦሳ ደግሞ በነጂው በሚክ አንድሩስ ስም የተሰየመችውን «ማር» አወጡ። አንድሩስ በኦሳ ከ1970 እስከ 1972 ስኮትላንድን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አሸነፈ። የዓለም ሻምፒዮና በ1975 ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ዋንጫ በቡልታኮ የነዱ ወሰዱት፤ እንግሊዛዊው ማርቲን ላምፕኪን፣ ሦስት ጊዜ ፊንላንዳዊው ዩርየ ቬስተሪነን፣ በ1979 አሜሪካዊው በርኒ ሽራይበር። ያማሃም በቲዋይ፣ ሆንዳም በቲኤል ገቡበት።

ግን ዋንጫ እንጀራ አይሆንም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ስፔን በኢኮኖሚ ቀውስና በሥራ ማቆም አድማ ስትናወጥ ፋብሪካዎቹም አብረው ተናወጡ፤ ቡልታኮ በዓለም ሻምፒዮንነቱ ማግስት ተንገዳግዶ በ1983 ተዘጋ። ኦሳም አልዳነም። ሞንቴሳ የቀረው ሆንዳ ገብቶበት ነው። እንግዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ሞተሮች በዓለም ዙሪያ ወላጅ አልባ ሆኑ።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ከ40 ዓመት በላይ አልፎ እነዚህ ሞተሮች ዛሬም በየሳምንቱ መጨረሻ ድንጋይ ይወጣሉ። ያቆያቸው ፋብሪካ አይደለም፤ በየአገሩ ያሉ ትናንሽ ክበቦችና በየጓሮው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። አንዱ ፒስቶን ያስቀርጻል፣ ሌላው ጓርኒሲዮን ይቆርጣል፣ ሌላው የድሮውን መመሪያ መጽሐፍ አባዝቶ ይሰጣል። ክበቦቹም ለአሮጌዎቹ የተለየ ምድብ ከፈቱላቸው፤ ከ1965 በፊት ለተሠሩት አንድ፣ ከኋላ ባለ ሁለት አሞርዛተር ለሆኑት ሌላ። በዚህም ክርክር አልጠፋም። አንዳንዱ የቀድሞ መልኩን ብቻ ትቶ ውስጡን ሁሉ በአዲስ ብረት ይለውጥና «የድሮ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ አንድ ቡሎን አይነካብኝ ብሎ ሳሎን ያቆመዋል። ለእኔ ሁለቱም ሞተሩን ገድለውታል። ያለቀውን ክፍል መቀየር ግዴታ ነው፤ አሠራሩን መቀየር ግን ሌላ ሞተር መሥራት ነው።

አሁን ወደ አያያዙ። የሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። በድሮው ዘመን ለ20 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይጨመር ነበር፤ የዛሬው ዘይት የተሻለ ስለሆነ ብዙ ባለቤቶች ለ40 ሊትር 1 ሊትር ያደርጉታል። ዘይት ሳይቀላቅል የነዳ ሰው ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቅበታል። ብዙ ጊዜ የቆመ ሞተር ከተገኘ ደግሞ ቸኩሎ መምታት አይገባም። በኮሎው ግራና ቀኝ ያሉት የጎማ ማኅተሞች ደርቀው ይሆናል። በቮላኖው በኩል ያለው ከደረቀ አየር ያስገባና ሞተሩ ያለ በቂ ነዳጅና ዘይት ይግላል። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ከደረቀ የካምቢዮውን ዘይት ይስብና ጢሱ ሰፈር ያስነሣል። ማኅተም ርካሽ ነው፣ ፒስቶን ውድ ነው።

የቡልታኮና የኦሳ አሮጌ ሰርባቶዮዎች ብዙዎቹ ከፋይበር ግላስ የተሠሩ ናቸው። አልኮል የተቀላቀለበት ቤንዚን ይህን ነገር ያሟሟዋል፤ የሟሟውም ሙጫ ካርቡራተር ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ስለዚህ ነድቶ ሲጨርሱ ነዳጁን ማንጠፍ፣ ከካርቡራተሩም ጽዋ ማፍሰስ ጥሩ ልማድ ነው።

እዚህ ናይሮቢ ላለነው አንድ ሌላ ነገር አለ። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። በናይሮቢ አየሩ ከባሕር ጠለል ወደ 16 በመቶ ይሳሳል። በባርሴሎና ልክ የተቆፈረ ጂግለር እዚህ ሲመጣ ለሳሳው አየር ነዳጅ ያበዛል፤ ሞተሩ ይንተባተባል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። መድኃኒቱ ጠበብ ያለ ጂግለር መግጠም ነው። ሞምባሳ ይዞት የሚወርድ ሰው ግን የቀድሞውን መመለስ አይርሳ፤ በጠባቡ ጂግለር ባሕር ዳር ቢነዳ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። አቧራችንም የአየር ፊልትሮውን በየጊዜው ማጠብና በዘይት ማራስን ያስገድዳል።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ፑንቲና፣ ካቴና፣ ቮላኖ የምንላቸው ከጣልያንኛ የወረስናቸው ናቸው። አባቶቻችን በጋራዥ ውስጥ አማርኛ አድርገዋቸዋል። እዚህ ያደጉት ልጆቻችን እነዚህን አያውቋቸውም፤ ከሰፈር ፉንዲ የሰሙትን ስም ነው የሚጠሩት። ፉንዲዎቹ እጃቸው ድንቅ ነው፤ ኪሪኛጋ መንገድ ላይ ያልተገኘ መለዋወጫ ከብረት ቁራጭ ሲወለድ አይቻለሁ። ነገር ግን የሚያድሩበት ቦዳ ቦዳ ባለ አራት ምትና ኤሌክትሮኒክ ሆኗል። የፑንቲናን ክፍተት በመለኪያ ስስ ብረት ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር አስተካክሎ፣ ብልጭታው የሚነሣበትን ሰዓት በጆሮው የሚያውቅ ሰው ከመካከላችንም ከእነሱም እያነሰ ነው። ከማኅበራችን አረጋውያን መካከል በያማሃ ዲቲ ዘመን ይህን የተማሩ አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ላይ አንድ ሁለት ልጅ አጠገባቸው ቢቀመጥ ዕውቀቱ ይተላለፋል፤ ካልተቀመጠ ከእነሱ ጋር ይሄዳል። የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ትንሽ ሣጥን አይሞላም።

አነዳዱስ? መቀመጫው ትንሽ የሆነው ነጂው ስለማይቀመጥ ነው። በእግር መርገጫው ላይ ይቆማል፤ ጉልበቱን ላላ አድርጎ፣ ክብደቱን በእጁ ሳይሆን በእግሩ ላይ ጥሎ። ሲታጠፍ ሞተሩን ወደ ውስጥ ያጋድልና ሰውነቱን ወደ ውጭ ያደርጋል፤ በፍጥነት ከሚነዳ ሰው ጋር ተቃራኒ ነው። ጎማው በጣም ይተነፍሳል፤ የኋላው 4 ወይም 5 ፒኤስአይ ብቻ ይዞ ድንጋዩን እንደ መዳፍ ይጨብጣል። በዚህ ንፋስ ጎማው ከቸርኬው ላይ እንዳይዞር የሚይዘው ማጥበቂያ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ካላማዳሪያው ይቀደዳል። ወደ ዳገቱ ከመግባት በፊት መንገዱን በእግር መሄድ ደንብ ነው። የቱ ድንጋይ ይንቀሳቀሳል? የቱ ሥር ረጥቧል? ከዚያ ዓይን ከፊት ጎማው ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ድንጋይ መሻገር አለበት።

ጀማሪ ልጅ ድንጋይ አያስፈልገውም። ደረቅ ሜዳ ላይ ስድስት ጠርሙሶችን በየሦስት ሜትሩ አቁሞ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ቆሞ፣ እግሩን ሳያወርድ በመካከላቸው ይዙር። የራስ ቁርና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ግን ለሜዳም ግዴታ ነው። ያን ሲችል ጠርሙሶቹን ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ያቀራርባቸው።