ባለቤቱን ያጣ ደብዳቤ

ባሕር ዳር በክረምት መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል የከተማው ሰው ያውቀዋል። ከጣና በኩል ነፋስና ዝናብ ይመጣል፣ አንዱ ዛፍ ቅርንጫፉን ሽቦ ላይ ይጥላል፣ ሰፈሩ ይጨልማል፣ የሻማ ፍለጋ ይጀመራል። ከዚያ መኪናው ይመጣል። ጀርባው ላይ የሚተጣጠፍ ረጅም ክንድ፣ ክንዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ባልዲ የመሰለ መቆሚያ ያለው መኪና። ሠራተኛው ባልዲው ውስጥ ይገባል፣ ክንዱ ወደ ላይ ይዘረጋል፣ ልጆች አንጋጠው ያያሉ። መብራቱ ሲመጣ ሰፈሩ ይጮኻል። ስለ መኪናው ግን ማንም አይጠይቅም።

እኔም አልጠይቅም ነበር። አንድ ቀን ግን ቆሞ ካገኘሁት እንዲህ ያለ መኪና ክንድ ላይ የደበዘዘ ጽሑፍ አነበብኩ። አምራቹ ባሕር ማዶ ያለ የስልክ ቁጥሩን ጽፎ፣ ማሽኑን ከሌላ ሰው የገዛ ሁሉ ስሙንና አድራሻውን እንዲያሳውቀው ይለምናል። ሸጦ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ የእኛ አድራሻ ምን ያደርግለታል? ይህች ጥያቄ ብዙ አስነበበችኝ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ነገሩን ከመብራቱ እንጀምር። የመንግሥት የመብራት ድርጅት የተቋቋመው በ1956 ነው። በ1997 ኮርፖሬሽን ሆነ፣ በ2013 ደግሞ ለሁለት ተከፈለ፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» እንላለን። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን በ1961፣ ፖሊ ቴክኒኳን በ1963 አገኘች። በ1964 ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። አሥራ አንድ ሜጋ ዋት ተኩል ገደማ ነው፤ ዛሬ ትንሽ ይመስላል። በ2001 የተጨመረው ጢስ ዓባይ ሁለት 73፣ በ2010 የተመረቀው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ናቸው። ኃይሉ ሲጨምር ምሰሶው ይበዛል፤ ምሰሶው ሲበዛ ምሰሶ ላይ የሚወጣው ሰው ይበዛል።

ያ ሰው ድሮ የሚወጣው በመሰላል፣ ወይም እግሩ ላይ በሚታሰር ብረትና በወገብ ቀበቶ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያ የሚወጣ አለ። አደጋው ግልጽ ነው። ነገር ግን ቀበቶው ሲሳሳ ሠራተኛው በዓይኑ ያየዋል፣ መሰላሉ ሲነቃነቅ በእጁ ይሰማዋል። ባለ ክንዱ መኪና ሲመጣ ድካሙ ቀረ፤ ይህ ማየትና መዳሰስ ግን አብሮት ቀረ።

መኪናው የተወለደው ከፍራፍሬ እርሻ ነው። ጄይ አይትል የሚባል አሜሪካዊ በ1940ዎቹ ቼሪ ሲለቅም፣ ከመልቀሙ ይልቅ መሰላል ማዘዋወሩ ጊዜውን ስለበላበት ሰው የሚያነሳ ክንድ አሰበ ይባላል። ፈጠራው የኔ ነው የሚሉ ሌሎችም አሉ። ለማንኛውም «ቼሪ ፒከር» የሚለው ስም ከዚያ ቀረ፤ ማሽኑ ግን ወዲያው ከፍራፍሬው ወደ ስልክና መብራት ሽቦ ተሻገረ። በአሜሪካ ለዚህ ዓይነት መኪና የደኅንነት ደረጃ የወጣው በ1969 ነው።

ምኑ ይበላሻል? ክንዱ በብየዳና በፒን የተያያዘ ብረት ነው። በቀን ብዙ ጊዜ ሲዘረጋና ሲታጠፍ፣ ብረት ይደክማል። ስንጥቁ ከፀጉር ይቀጥናል፣ ከቀለሙ ሥር ይደበቃል። የሃይድሮሊክ ጎማ ቢፈነዳ ክንዱን ባለበት የሚይዝ ቫልቭ አለ፤ እሱ ከሰነፈ ባልዲው ይወርዳል። ለመብራት ሥራ በተሠራው ማሽን ላይ የክንዱ አንድ ክፍል ኤሌክትሪክ እንዳያስተላልፍ ከፋይበርግላስ ይሠራል፤ እርጥበትና አቧራ ከገባበት ግን ያው አስተላላፊ ነው፤ ይህንን ደግሞ በመሣሪያ ተፈትኖ እንጂ በዓይን ታይቶ አይታወቅም። መኪናው እንዳይገለበጥ በጎኑ የሚዘረጉት እግሮችም የሐይቅ ዳር ጭቃ ውስጥ ከሰመጡ ጥቅም የላቸውም።

ከእነዚህ አንዳንዱ የአጠቃቀም ጥፋት ነው። አንዳንዱ ግን ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው እንከን ነው፤ የኔም ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የፋብሪካ እንከን የአንድ ማሽን ብቻ አይሆንም፤ የወንድሞቹም ሁሉ ነው። ቴክሳስ ውስጥ አንድ ብየዳ በንድፉ ጥፋት ከተሰነጠቀ፣ በዚያው ንድፍ የተበየደ ሌላ ማሽን ባሕር ዳር ላይ ተራውን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። የአንዱ አደጋ ለሌላው ማስጠንቀቂያ የሚሆነው ግን ወሬው ከደረሰው ብቻ ነው።

«ሪኮል» የሚባለው መልሶ የመጥራት ሥርዓት የተፈጠረው ለዚህ ነው። አሜሪካ ሕጉን ያወጣችው በ1966 ነው። ሕጉ መጀመሪያ አምራቹን ያስገደደው እንከኑን በደብዳቤ እንዲያሳውቅ ነበር፤ በነፃ እንዲጠግን ያስገደደው የ1974ቱ ማሻሻያ ነው። ሥርዓቱ ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ በባለቤቱ አድራሻ። ባለ ክንዱ መኪና ላይ ነገሩ ይከብዳል፤ የታችኛውን መኪና አንዱ፣ የላይኛውን ክንድ ሌላው ይሠራዋል። ስለዚህ ደብዳቤው ሁለት ነው፤ ላኪውም ሁለት።

አሁን ደብዳቤውን እንከተለው። መኪናው ባሕር ማዶ አሥር ዓመት ይሠራል፣ በጨረታ ይሸጣል፣ ደላላ ይገዛዋል፣ መርከብ ላይ ይወጣል፣ በጅቡቲ ይገባል። እንከኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ ደብዳቤው የሚሄደው የድሮው ባለቤት ቤት ነው። እሱ ምን ያደርገዋል? ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ከአሜሪካ የወጣን መኪና ተከትሎ አይሄድም። አዲስ ሆኖ የተገዛውም ቢሆን በመካከለኛ ነጋዴ ከመጣ፣ ደብዳቤው ነጋዴው ቢሮ ሊያድር ይችላል። በትንንሾቹ መኪኖችም አይተነዋል፤ የታካታ ኤርባግ እንከን በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል ኤርባጎችን አስጠርቷል፣ ከተጠሩት ውስጥም እኛ በየመንገዱ የምናያቸው ኮሮላና ቪትዝ አሉበት። ኤርባጉ ተፈትሾለት የሚያውቅ ቪትዝ ያለው ጎረቤት ካላችሁ አስተዋውቁኝ።

«ይህ የሀብታም አገር ወግ ነው» የሚል አይጠፋም። ባሕር ዳር ግን የራሷ ታሪክ አላት። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1988 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ አሥመራ ሊበር ሲል የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ምክንያቱ ዛሬ ይታወቃል። አውሮፕላን መዝገብ አለው፤ የተሠራበት ቀን፣ የተጠገነበት ቀን፣ የተለወጠለት ዕቃ፣ ሁሉም ይጻፋል።

መዝገብ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ በ2019 አየን። ኦክቶበር 29 ቀን 2018 ኢንዶኔዥያ ውስጥ አንድ 737 ማክስ ወድቆ 189 ሰው አለቀ። ኖቬምበር 7 ላይ የአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት አስቸኳይ መመሪያ አወጣ። ደብዳቤው በጊዜው ወጥቷል፤ ነገር ግን አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋውን ሥርዓት በስሙ አልጠራውም። ማርች 10 ቀን 2019 የእኛው በረራ 302 ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ፤ 157 ሰው። ዓለም ማክስን መሬት ላይ ያቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ያልደረሰ ደብዳቤ ይገድላል፤ ጎዶሎ ደብዳቤም ይገድላል።

ለአውሮፕላን ዓለም ሁሉ ይጮኻል። ባልዲ ውስጥ ላለ አንድ ሰው የሚጮኸው ቤተሰቡ ብቻ ነው። አደጋው ሲደርስም «ዕድሉ ነው» ይባልና ይቀበራል፤ ማሽኑ ተጠግኖ ሌላ ሰው ይሳፈርበታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ ነገር አላመጣሁም። ለመኪናው ሊብሬ አለን፣ የሻንሲ ቁጥር አለን፣ በየዓመቱ ቦሎ እንለጥፋለን። ቦሎው ግን የሚመለከተው መንገድ ላይ የሚሄደውን መኪና ነው፤ ክንዱ ሥራ የሚጀምረው መኪናው ሲቆም ነው። ለክንዱም የራሱ ሊብሬ ይኑረው፤ የአምራቹ ስም፣ ሞዴሉ፣ ተራ ቁጥሩ፣ ፋይበርግላሱ መጨረሻ የተፈተነበት ቀን። ያለው መሥሪያ ቤት፣ ያለው ተቋራጭ፣ ማስታወቂያ ሰቃዩም ሳይቀር ተራ ቁጥሩን ይዞ ለአምራቹ ይጻፍ፤ «ይህ ማሽን አሁን እኔ ጋ ነው፣ ያልሰማሁት ነገር አለ ወይ?» ይበል። ብዙዎቹ አምራቾች ማስጠንቀቂያዎቻቸውን በየድረ ገጻቸው ያወጣሉ። መልሱም ለኃላፊው መሳቢያ ብቻ ሳይሆን ባልዲው ውስጥ ለሚቆመው ሰው፣ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። ጠዋት ስንጥቅና የዘይት ጠብታ የሚፈልገው እሱ ነውና።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ሪኮል የሚባል ነገር ሳይሰሙ ነው። ክንዱ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ዛሬም እዚያው ነው፤ ዝናቡ ሳያጠፋው አንድ ሰው ይጻፍለት።