ደሞዝ በደረጃ፣ ኪራይ በአሳንሰር፦ የድሬዳዋ የቤት ዋጋ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመቀጠር ከሌላ አካባቢ የሚመጣ ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ደሞዙ ስንት ነው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ቤትስ በስንት ይገኛል?» ይላል። ብዙ ጊዜ ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የመጀመሪያውን ዋጋ ያሳጣዋል። ስለዚህ ዛሬ የቤት ኪራይና የዋጋ ንረት እንዴት እንደተሳሰሩ ከሥሩ ጀምረን እናያለን።

▪️ ቤትና ሥራ አብረው የመጡበት ጊዜ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። የምድር ባቡር ኩባንያው ከደቻቱ ወንዝ ማዶና ማዶ ከተዘረጋችው ከተማ በከዚራ በኩል ለሠራተኞቹ መኖሪያ ሠርቷል። በመጋላ በኩል ደግሞ ነጋዴውና ሌላው ነዋሪ በራሱ አቅም ሠራ፣ አከራየ፣ ተከራየ። ያኔም ሁሉም ሰው ቤት አገኘ ማለት አይደለም። ግን ትልቅ አሠሪ ሲመጣ «ሠራተኛው የት ያድራል?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይነሳ ነበር።

▪️ 1967 ዓ.ም፦ ኪራይ የቆመበት ዓመት

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ዝቅተኛ ኪራዮች እንደ መጠናቸው ተቀነሱ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጡ። ግለሰብ ቤት ማከራየት ተከለከለ።

ለነበረው ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር። ግን ሁለት ነገር ተከተለ። አንደኛ፣ ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ ሰው ጠፋ። ሁለተኛ፣ የቀበሌ ኪራይ ባለበት ሲቆም ብሩ ግን ባለበት አልቆመም።

እስቲ እናስላው። በ1967 ዓ.ም አንድ ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም ነበር። ያኔ 100 ብር ማለት 48 ዶላር ገደማ ነው። በ1985 ዓ.ም መጀመሪያ ምንዛሪው 5 ብር ሲገባ ያው 100 ብር 20 ዶላር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ አንድ ዶላር ሳይሞላ ቀረ።

ስለዚህ የቀበሌ ቤት የያዘ ሰው ከንረቱ ተጠለለ። ቤቱን የሚያድስ ገንዘብ ግን ከዚያ ኪራይ አልወጣም። ቀበሌ ቤት ያላገኘውና በኋላ የመጣው ሰው ሙሉ የገበያውን ዋጋ መክፈል ግድ ሆነበት። በ1997 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ድሬዳዋን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች የሰፋው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራምም ለደረሰው ደረሰው። ያልደረሰው በአብዛኛው የዕድለኛው ተከራይ ሆነ።

▪️ ንረቱ ወደ ኪራይ የሚገባው በምን በኩል ነው?

የዓለም ባንክ መረጃ እንደሚያሳየው የኢትዮጵያ ዓመታዊ አማካይ የዋጋ ንረት እ.ኤ.አ በ2008 ወደ 44 በመቶ፣ በ2011 ወደ 33 በመቶ፣ በ2022 ወደ 34 በመቶ፣ በ2023 ደግሞ ወደ 30 በመቶ ነበር። ከ2019 እስከ 2023 ያሉት አምስት ዓመታት ሲደማመሩ አጠቃላይ ዋጋ 3 እጥፍ ገደማ ሆኗል። ይህ ወደ ኪራይ የሚገባባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው።

1. የግንባታ ዕቃ። ብረት፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ዕቃ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ይገባል። ብር በረከሰ ቁጥር አዲስ ቤት መሥራት ይወደዳል፤ አሮጌው ቤትም አብሮ ዋጋ ይጨምራል።

2. ቁጠባ። ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ የባንክ ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ንረቱ 30 በመቶ ሲሆን ባንክ የተቀመጠ ብር በየዓመቱ እየቀለጠ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ቤትና ቦታ የሚሮጠው ለዚህ ነው። ቤት ከመኖሪያነት አልፎ የገንዘብ መደበቂያ ይሆናል።

3. የአከራዩ ኑሮ። ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት የሚያከራይ ጡረተኛም ዘይትና ጤፍ የሚገዛው ከዚያው ገበያ ነው። ለእሱ ኪራይ ደሞዙ ነው።

«ንረቱ ቀነሰ ተብሎ ኪራይ ለምን አልቀነሰም?» ለምትሉ፦ ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም። የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው።

▪️ የፓርኩ ሠራተኛ ለምን ይበልጥ ይጎዳል?

ፓርኩ የሚገኘው ከመሀል ከተማ ወጣ ብሎ በመልካ ጀብዱ በኩል ነው። ነሐሴ 2014 ዓ.ም ድሬዳዋ የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና ስትሆን ከተማዋ ይበልጥ ሠራተኛና ነጋዴ የምትስብ ሆነች። ሰው ይመጣል፤ ቤት ግን በዚያው ፍጥነት አይሠራም።

በሌላ በኩል አገራችን ለግሉ ዘርፍ ሥራ ላይ የዋለ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል የላትም። የ2011 ዓ.ም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ወለሉን የሚያጠና የደሞዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። እ.ኤ.አ በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ሐዋሳ ፓርክ ባወጡት ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ሠራተኞች አንድ ክፍል ተደራርበው ለመኖር መገደዳቸውንም አሳይተዋል። ሐዋሳ ሐዋሳ ናት፤ ስሌቱ ግን ለድሬም ያው ነው።

ለምሳሌ ያህል 3,000 ብር የሚያገኝና 1,000 ብር ኪራይ የሚከፍል ሠራተኛ እናስብ። ኪራዩ ከደሞዙ አንድ ሦስተኛ ነው። ደሞዙ በየዓመቱ 10 በመቶ፣ ኪራዩ 30 በመቶ ቢጨምር ከሦስት ዓመት በኋላ ደሞዙ 3,993፣ ኪራዩ 2,197 ብር ይሆናል። ማለትም ከደሞዙ 55 በመቶ። በየዓመቱ ደሞዝ እየተጨመረለት ድሃ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ያለው ምርጫ ክፍል መጋራት፣ ራቅ ብሎ ተከራይቶ ለባጃጅ መክፈል፣ ወይም ሻንጣ ይዞ ወደመጡበት መመለስ ነው። የሰለጠነ ሠራተኛ ሲለቅ ፋብሪካውም ይጎዳል።

▪️ ሕጉ ምን ይላል?

በ2016 ዓ.ም የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ተከራይ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉት፦

• ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት።
• የውል ዘመን ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም።
• ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም።
• ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ጣሪያ ነው።

አዋጁ ጠቃሚ ነው። ግን በቃል የተከራየና ደረሰኝ የሌለው ሰው ለመብቱ ማስረጃ ይቸግረዋል። ክፍል የሚጋሩ ሠራተኞች ደግሞ ብዙ ጊዜ ስማቸው ውሉ ላይ የለም፤ ስለዚህ ስትፈርሙ የሁላችሁም ስም ይግባ።

ደግሞም ጣሪያ ማበጀት ብቻውን አዲስ ቤት አይሠራም። የ1967ቱ ታሪክ የሚያሳየን ይህንኑ ነው፦ ኪራይ ብቻ ተይዞ ቤት ካልተሠራ፣ ውስጥ ያለው ይጠለላል፣ ደጅ ያለው ይከፍላል። ለፓርኩ የመጀመሪያው ሼድ ሲታቀድ የሠራተኛው ማደሪያም አብሮ በዕቅዱ ውስጥ መግባት ነበረበት። ለቀጣዩ ሼድ አሁንም አልረፈደም። አስተዳደሩም ሆነ ባለሀብቱ ስለ አዲስ የሥራ ዕድል ቁጥር ሲናገሩ «ለነዚህ ሰዎች ስንት ክፍል ተዘጋጀ?» ብለን መጠየቃችንን እንቀጥላለን። እናንተም ጠይቁ።