የቤት እንስሳን በጤናው ጊዜ ስለ ማስመርመር

አንባቢ ሆይ፤ አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው የተረቱት፥ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄ ዋጋ እንደሌለው ለማስረዳት ነው። በወልድያም ሆነ በመርሳ፥ እንዲሁም በሀብሩ ቀበሌዎች ሁሉ ውሻ የቤት ጠባቂና የመንጋ ዘበኛ ነው። ነገር ግን ይህን ባለውለታ ታሞ ከመውደቁ በፊት ለእንስሳት ሐኪም የሚያሳየው ሰው ምን ያህል ነው?

ከብት ሳይታመም መጠበቅ እንደሚገባ ያስተማረን ታላቅ መከራ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከሕንድ አገር በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች መጣ የሚባለው የደስታ በሽታ፥ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርድ ወሎንም አዳረሰ። ከአገሪቱ ከብት ከመቶው ዘጠናው ያህል እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ያለቀበት ገበሬ መሬቱን በዶማ ለመቆፈር ተገደደ፤ ያም ዘመን «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ። ይህ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ለዓለም የተነገረው ግን፥ የታመመው ከብት ስለ ታከመ ሳይሆን ጤነኛው ከብት አስቀድሞ ስለ ተከተበ ነው። ለዚሁ ሥራ በ1956 ዓ.ም. ደብረ ዘይት ላይ የተቋቋመው የእንስሳት ጤና ተቋም ታላቅ ድርሻ አለው።

ለበሬ የሠራው ጥበብ ለውሻም ይሠራል። በ1895 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ እንደ ተነሣ በታሪክ ተጽፏል። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1877 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰ ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ መከላከያው ታውቋል፤ ሆኖም ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ከዚህም በላይ ውሻው ጤነኛ መስሎ ሳለ፥ እብደቱ ከመገለጡ ጥቂት ቀን አስቀድሞ፥ በለሃጩ በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ «ውሻዬ ደኅና ነው» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ከአንድ አካባቢ ውሾች ከመቶው ሰባው በየጊዜው ቢከተቡ ግን በሽታው መተላለፊያ ያጣል።

ሌላም ስውር ጉዳት አለ። በግ ወይም በሬ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ ይጣላል። ውሻው ከዚያ የሚያገኘው ትል በዓይነ ምድሩ የሚወጣ እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉም በእጅ፥ በምግብና በውሃ ወደ ሰው ሆድ ሲገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ያንኑ የውሃ ቋጠሮ ያበቅላል። ውሻው ግን ሕመም አይታይበትም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ቡችላህን ሦስት ወር ሲሞላው አስከትብ፥ በየዓመቱም አስደግም፤ ድመትህንም አትርሳ። ሐኪሙ ጥርሱን፥ ጆሮውን፥ ቆዳውንና መዥገሩን እንዲመለከት፥ የትል መድኃኒትም እንዲሰጠው ጠይቅ። የተበላሸውን የዕርድ ተረፈ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበር። ሰው ቢነከስ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ዐሥራ አምስት ደቂቃ አጥበህ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሰው። ለክትባት የምታወጣው ገንዘብና የምታጠፋው ግማሽ ቀን፥ ከውሻው ጋር በደጅ የሚጫወተውን ልጅህን መጠበቂያ ነውና አይብዛብህ።