ከብልባላ ኢንቨርተር እስከ ወላይታ ሶዶ፦ የማብሪያ ማጥፊያ ታሪክ

በአማርኛ “መብራት” ስንል አምፖሉም ነው፣ ኃይሉም ነው፣ መሥሪያ ቤቱም ነው። ስለ ማብሪያ ማጥፊያው ግን ብዙ አይወራም። እኔ በዚህ የመገናኛ መጽሔታችን ላይ ላነሣው የፈለግኩት የእሱን ታሪክ ነው።

ትራንዚስተር የተፈለሰፈው በታኅሣሥ 1940 ዓ.ም. በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ነው። መጀመሪያ የታወቀው በማጉያነቱ ነው፤ ሬዲዮንን በእጅ የሚያዝ ያደረገው እሱ ነው። ከባድ ኃይል ለማብራትና ለማጥፋት በ1950 ዓ.ም. ገደማ ታይሪስተር መጣ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ሞስፌትና አይጂቢቲ ገበያ ላይ ዋሉ።

ከሪሌ በምን ይሻላሉ? የሪሌ ብረቶች ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ ሲለያዩ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ጫፋቸውም እየተበላ ይሄዳል። ትራንዚስተር ግን የሚለያይ ብረት የለውም፤ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ቢበራና ቢጠፋ አይሰለቸውም። የሚጠላው በመሐል መቆምን ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ 20 አምፔር ሲሰጥ፣ 0.01 ኦም ያለው ሞስፌት ሙሉ በሙሉ ከበራ የሚያባክነው 4 ዋት ብቻ ነው። በከፊል በርቶ 6 ቮልት በራሱ ላይ ቢያስቀር ግን 10 አምፔር ያልፍበትና 60 ዋት ሙቀት ይሆናል። ያኔ ጭሱን እናያለን።

ሁለተኛው ፈተና ትእዛዙን ማድረስ ነው። 15 ቮልት የማይሞላ ምልክት መቶዎችን ቮልት ያዛል፤ ሁለቱ ወገኖች ግን በሽቦ መነካካት የለባቸውም። ስለዚህ ትእዛዙን ብዙ ጊዜ የሚያሻግረው ብርሃን ነው።

ይህ ታሪክ አገራችን ገብቷል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ዲሲ ይሄዳል። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር ገደማ የተዘረጋው ባለ 500,000 ቮልት መስመር በ2015 ዓ.ም. ኃይል ማስተላለፍ ጀምሯል፤ አቅሙም 2,000 ሜጋ ዋት ነው። እዚያ ሥራውን የያዙት በተከታታይ የተደረደሩ ታይሪስተሮች ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ያን ያህል ቮልቴጅ አይችልምና።

የእኔ አገር ብልባላ ከዚህ ሁሉ የራቀች ትመስላለች። ግን አይደለችም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የላስታ ከተሞች ለወራት መብራት አጥተው ሳለ ስልክ የሚሞላው፣ አምፖል የሚበራው በሶላርና በባትሪ ነበር። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 የሚቀይረው ኢንቨርተር ውስጥ ያሉት እነዚሁ ሞስፌቶች ናቸው። አንዱ ሲቃጠል ዕቃው በሙሉ “በቃ፣ ሞቷል” ተብሎ ጥግ ይጣላል። የሞተው ግን ብዙ ጊዜ ጥፍር የምታህል አንዲት ዕቃ ናት።

የተማርንበት ነገር እዚህ ላይ ይፈተናል። የኢንቨርተርን ሞገድ ፈተና ላይ አሳምረን ስለናል። የተቃጠለ ሞስፌት ነቅለን የተካን፣ ለምን እንደተቃጠለም ለባለቤቱ ያስረዳን ስንቶቻችን ነን? ሶዶን የሚያክል ጣቢያ ነገ በራሳችን እጅ እንዲጠገን ከፈለግን ልምምዱ ከትንሹ ይጀምራል።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችንም ለእናንተም አንድ ሐሳብ አለኝ። ለሚቀጥለው መገናኛችን እያንዳንዳችን ከየትውልድ ቀያችን አንድ የሞተ ኢንቨርተር ይዘን እንምጣ። ላቦራቶሪው ይከፈትልን፤ ተማሪዎቹ ይፍቱት፣ እኛ አጠገባቸው እንቀመጥ። የዳነው ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ያልዳነው መማሪያ ይሆናል።