ነዳጁ የማን ነው? ሂሳቡስ?

ነዳጅ ተገኘ በተባለ ቁጥር ሁላችንም የምናነሳት አንዲት ጥያቄ አለች፤ «ማን ሊበላው ነው?» የምትል። ተገቢ ጥያቄ ናት። መሐንዲስ ነኝና እኔ ደግሞ ሁለተኛ ልጨምር፤ «ሂሳቡንስ የሚሠራው ማን ነው?»

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1969 ኤኮፊስክን ስታገኝ በዓሣና በመርከብ የምትታወቅ አገር ነበረች። ባሕር ላይ መድረክ መትከል ውድ ስለሆነ ጋዙ፣ ፈሳሹና ውሃው ሳይለያዩ በአንድ ቱቦ ወደ የብስ ቢመጡ ወጪው እጅግ ይቀንስ ነበር። ነገር ግን አብረው በሰላም አይጓዙም። ፈሳሹ ቱቦው በሚያዘቀዝቅበት ቦታ ተኝቶ መንገድ ይዘጋል፤ ጋዙ ከኋላው ሲታመቅ ቆይቶ በድንገት ይገፋዋል፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው መቀበያ ጋን ይህን መሸከም ካልቻለ ምርት ይቆማል። ቤከር እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው የታወቀ የፍሰት ሰንጠረዥ የፍሰቱን ዓይነት ይጠቁማል እንጂ ከአንድ ሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን አይናገርም።

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። ኦስሎ አጠገብ ሼለር ያለው የአቶም ኃይል ተቋም ስለ ሪአክተር ደኅንነት ሲያጠና የውሃና የእንፋሎትን የጋራ ፍሰት ያውቅ ነበር። አገሪቱ የኑክሌር መብራትን ስትተው ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1980 ስሙን ለውጦ ያንኑ እውቀት ወደ ነዳጅ አዞረው። እ.ኤ.አ. በ1983 ለስታቶይል «ኦልጋ» የተባለውን ፕሮግራም ሠራ። በትሮንድሃይም አቅራቢያ ደግሞ ሲንቴፍ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሙከራ ቱቦ ዘረጋ።

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ከትንንሽ ቱቦዎች የተወሰደው ሂሳብ በትልቁ ቱቦ ሲፈተን ወደቀ። ቤንዲክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጽሑፍ ስህተታቸውን አልደበቁም፤ ቱቦው ውስጥ ይቀራል ያሉት ፈሳሽ አንዳንዴ ከተለካው እጥፍ ሆኖ ነበር። ምክንያቱም ጋዙ ጠብታዎችን ይዞ እንደሚሮጥ አላሰቡም፤ ፈሳሹን በሙሉ ከቱቦው ግድግዳ ጋር አጣብቀውት ነበር። ስለዚህ ለጠብታዎቹ የራሳቸው እኩልታ ተሰጣቸው። ለዚህ ጥናት ገንዘቡን ካወጡት መካከል የውጭ ኩባንያዎችም ነበሩ። እውቀቱ ግን ኖርዌይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ የጀመረው ስኖቪት፣ ከባሕር በላይ አንድም መድረክ ሳይኖረው፣ በ143 ኪሎ ሜትር ቱቦ ጋዙን ወደ ሜልኮያ ደሴት ላከ።

ስለ ካሉብና ሂላላ ጋዝ ስንት ዓመት ተከራከርን! ክርክራችን ግን ዘወትር ስለ ድርሻ ነው። ውል ሲፈረም «ስንት እጅ ለእኛ?» ማለት ደግ ነው። «ስንት ልጆቻችን እኩልታውን ይጽፋሉ፣ ሲሳሳቱስ ስህተታቸውን በግልጽ የሚያርሙበት ቤተ ሙከራ የት ነው?» ብለን ካልጠየቅን ግን ቱቦው በአገራችን ያልፋል እንጂ እኛ ዘንድ አይደርስም።