ሰባት ሜትር፦ የተራራ ጎሪላ ጎብኚዎች አመለካከት የሚለካው የት ነው?

ስለ ዱር እንስሳት ጎብኚዎች አመለካከት የሚሠሩ ጥናቶች አካሄዳቸው ተመሳሳይ ነው። አጥኚው ጎብኚውን በፓርኩ በር ወይም በሎጁ በረንዳ ላይ ያገኘዋል፤ መጠይቅ ያስሞላዋል፤ የእንስሳው መጥፋት ያሳስበው እንደሆነ፣ ለጥበቃው ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍል እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ መልሶቹን ደምሮም «ጎብኚዎች ለጥበቃ በጎ አመለካከት አላቸው» ብሎ ይደመድማል። የዚህ ጽሑፍ ጠብ ከዚህ ድምዳሜ ጋር ነው። ድምዳሜው ሐሰት ነው አልልም፤ ልናውቀው ከሚገባን ነገር ጋር ግን እምብዛም አይገናኝም። ማስረጃዬን የምወስደው በኡጋንዳ፣ በሩዋንዳና በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ተራሮች ከሚኖረው ጎሪላ፣ በተለይም ከኡጋንዳው ብዊንዲ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የጎብኚው አመለካከት፣ ቢያንስ ለጎሪላው የሚጠቅመው ወይም የሚጎዳው ክፍል፣ ከአገሩ በልቡ ይዞት አይመጣም። እንስሳው ፊት በሚቆምባት በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ክፍያው፣ አስጎብኚውና ደንቡ ይሠሩታል፤ የሚለካውም በሜትር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጉብኝቱ ታሪክ በሚገባ ስለተጻፈ ጥቂት ማስታወሻ ይበቃዋል። ጆርጅ ሻለር በ1959 እና በ1960 በቪሩንጋ ተራሮች 450 ያህል ጎሪላዎች እንዳሉ ገምቶ ነበር፤ በ1981 በተደረገው ቆጠራ የተገኙት 254 ናቸው። በ1967 የካሪሶኬን የምርምር ጣቢያ ያቋቋመችው ዳያን ፎሲ ቱሪዝምን «ንድፈ ሐሳባዊ ጥበቃ» ከምትለው ጎራ አስገብታ ነቀፈችው። ቢል ዌበርና ኤሚ ቬደር ግን በ1979 በተጀመረው የተራራ ጎሪላ ፕሮጀክት አማካይነት ሰው የለመዱ የጎሪላ ቤተሰቦችን ለጎብኚ ማሳየት ጫካውን ከከብት ግጦሽ እንደሚያድነው ተከራከሩ። መንግሥታቱ የሁለተኞቹን ምክር ሰሙ፤ ብዊንዲ በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ በ1993 የጎሪላ ጎብኚ መቀበል ጀመረ። የባትዋ ሕዝብ ከጫካው መፈናቀልና በፓርኩ ዙሪያ ያለው ገበሬ ስሜት ሰፊ ጥናት የተደረገባቸው ጉዳዮች ስለሆኑ፣ እኔም ከእነዚያ ጥናቶች ጋር ጠብ ስለሌለኝ፣ አልፋቸዋለሁ።

የምጣላው ከሮበርት ፓውልና ከሳም ሃም ጋር፣ ይበልጡንም ከተከታዮቻቸው ጋር ነው። ሁለቱ ምሁራን በ2008 ባሳተሙት ጥናት በጋላፓጎስ ደሴቶች በመርከብ የሚዞሩ ጎብኚዎችን ከጉዞው በፊትና በኋላ መዝነው፣ ጥሩ ገለጻ ያገኘ ጎብኚ ዕውቀቱ እንደሚጨምር፣ ለፓርኩ ያለው ድጋፍ እንደሚጠነክር፣ ለጥበቃው ገንዘብ የመለገስ ሐሳቡም እንደሚያድግ አሳዩ። የጥናቱ ርዕስ ጥያቄ ነበር፤ ይህ ለጸሐፊዎቹ ጥንቃቄ ይመሰክራል። ተከታዮቻቸው ግን የጥያቄ ምልክቱን ጥለው ሐሳቡን እንደ ሕግ ያዙት፦ ጎብኚው ካጠፋ አላወቀም ማለት ነው፤ ስለዚህ ይማር። ከዚያ ወዲህ በጎሪላ ጉብኝት ላይ በተጻፉ ጥናቶች መጨረሻ «የጎብኚዎች ትምህርት ይጠናከር» የሚል ምክር የማይቀር ጌጥ ሆኗል።

ይህ ሐሳብ ከጋላፓጎስ ወደ ብዊንዲ ሲሻገር ሦስት ነገር ይሰበርበታል። አንደኛው ራሱ የተለካው ነገር ነው። እለግሳለሁ ማለት ሐሳብ እንጂ ድርጊት አይደለም፤ ሐሳብንና ድርጊትን የሚለየውን ገደል ደግሞ አንያ ኮልሙስና ጁልያን አጄማን በ2002 ባወጡት፣ ብዙ ሰው በሚጠቅሰውና ጥቂት ሰው ልብ በሚለው ጽሑፋቸው በሰፊው አሳይተዋል። ሁለተኛው የተጠያቂው ማንነት ነው። ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ለአንድ ሰዓት እይታ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ የመጣን ሰው ጎሪላ ሊጠበቅ ይገባል ወይ ማለት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የቆመን ምዕመን ጾም ጥሩ ነው ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው፤ መልሱ ከጥያቄው በፊት ይታወቃል፣ ማን እንደሚጾም ግን አይነግረንም። ሦስተኛው፣ ለእኔ ዋናው፣ የሁለቱ ጉብኝቶች ባሕርይ ነው። የጋላፓጎስ ተጓዥ በተከለለ መንገድ ይሄዳል፤ የሚመኘውና ለእንስሳው የሚበጀው ብዙ ጊዜ አይጋጩም። በብዊንዲ ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ጎብኚው የመጣው ለመቅረብ ነው፤ ለጎሪላው የሚበጀው የጎብኚው መራቅ ነው። ምኞትና ደንብ በማይጋጩበት ቦታ የተገኘን ውጤት በሚጋጩበት ቦታ ላይ መጫን የአጠናን ዘዴ ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው። ጎብኚው ከጎሪላው ቢያንስ 7 ሜትር እንዲርቅ ያዝ የነበረው ደንብ ያኮ ሆምዚ በ1999 ባቀረበው የጤና ዘገባ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ምክንያቱም በሳልና በማስነጠስ የሚረጨው ፈሳሽ የሚደርስበት ርቀት ነው። ክሪስ ሳንድብሩክና ስቱዋርት ሴምፕል በ2006 ኦሪክስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት የብዊንዲ ጎብኚዎች ለጎሪላው እጅግ የቀረቡበት ርቀት በአማካይ 2.76 ሜትር መሆኑን ዘገቡ። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ የሚጠቀሰው ግን ለበሽታ ጉዳይ ነው፤ ስለ አመለካከት በሚያወሩ ጽሑፎች ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ከዚያ በኋላ አናሊሳ ዌበር፣ የእንስሳት ሐኪሟ ግላዲስ ካሌማ-ዚኩሶካና ናንሲ ስቲቨንስ በ2014 በተደረጉ 53 ጉዞዎች ላይ ያካሄዱትን ምልከታ በ2020 አሳተሙ፤ ከ98 በመቶ በላይ በሆኑት ጉዞዎች የ7 ሜትሩ ደንብ ተጥሷል። በዚያው ጥናት የተጠየቁት ጎብኚዎች አብዛኞቹ ጎሪላውን ከበሽታ ለመጠበቅ የፊት ጭምብል ለማድረግ ፈቃደኞች መሆናቸውን ተናግረዋል። ሁለቱ ግኝቶች በአንድ ጽሑፍ ውስጥ እያሉ ለየብቻ ይነበባሉ፤ አንዱ ለሐኪሙ፣ ሌላው ለአመለካከት ተመራማሪው። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን የመጠይቁን ዘዴ ያፈርሱታል፦ መጠይቁ በጎ ፈቃድ ባገኘበት ሕዝብ ውስጥ ሜትሩ ከሞላ ጎደል አጠቃላይ የሆነ ጥሰት አገኘ።

ሦስተኛውን ማስረጃ ጎብኚዎቹ ራሳቸው አስቀምጠውልናል። ጋስፓር ቫን ሃም ከባልደረቦቹ ጋር በ2021 ባወጣው ጥናት ከ2013 እስከ 2019 በኢንስታግራም የተለጠፉ 858 የጎሪላ ጉብኝት ፎቶግራፎችን መረመረ፤ 86 በመቶው ጎብኚና ጎሪላ በ4 ሜትር ውስጥ ሆነው የሚታዩባቸው ነበሩ፤ በ25ቱ ደግሞ አካል ለአካል ተነካክተዋል። እነዚህ ፎቶግራፎች መጠይቅ ፈጽሞ የማያገኘውን ይሰጡናል። ማንም ሳይጠይቀው፣ መልካም ሰው መስሎ መታየት ለሚፈልግበት አጥኚ ሳይሆን ለገዛ ወዳጆቹ፣ ጎብኚው ምን እንደሚያኮራው ይናገራል። የሚያኮራው መቅረቡ ነው።

ጉዳዩ የሥነ ምግባር ትችት ብቻ እንዳይመስል አደጋውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1988 በሩዋንዳ በመተንፈሻ አካል በሽታ ስድስት ሴት ጎሪላዎች ሞቱ። በ1996 በብዊንዲ ሰው በለመደ ቤተሰብ ውስጥ እከክ ገብቶ አንድ ግልገል ገደለ። በ2009 በሩዋንዳ ሂርዋ በተባለው ቤተሰብ ከ12 ጎሪላዎች 11ዱ ታመው አንዲት አዋቂ ሴትና አንድ ግልገል ሞቱ፤ ከሬሳዎቹ የተገኘው ሂውማን ሜታኒሞቫይረስ የተባለ የሰው ቫይረስ ነው። በድዛንጋ-ሳንጋ፣ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ፣ ካትሪን ሸት ከባልደረቦቿ ጋር በ2014 እንዳሳየችው የ7 ሜትሩ ደንብ በተጣሰ ቁጥር በቆላ ጎሪላዎች ዓይነ ምድር ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል። ጎሪላው ስለ ጎብኚው «አመለካከት» የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

አመለካከት በቦታው ይሠራል ስል ሦስቱን ሠሪዎች ማመልከት አለብኝ። ዋጋው የመጀመሪያው ነው። ሩዋንዳ በግንቦት 2017 የጉብኝት ፈቃዱን ከ750 ወደ 1,500 ዶላር አሳደገች፤ ኡጋንዳ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ 800 ዶላር ታስከፍላለች። በአንድ ሰዓት የተወሰነ፣ ይህን ያህል የተከፈለበት እይታ ጎብኚውን ገዢ ያደርገዋል፤ ገዢ ደግሞ የገዛው ዕቃ በቅጠል ተሸፍኖ ሲያይ ይቆጣል። ሁለተኛው አስጎብኚው ነው። ደንብ አስከባሪም ጉርሻ ተቀባይም እርሱ ነው፤ «ወደ ኋላ!» የሚለው አፍ በጉዞው ማብቂያ ምስጋናና ብር የሚጠብቀው አፍ ነው። አንድ ሰው በእነዚህ ሁለት ሥራዎች መካከል ሲቆም የትኛው እንደሚያሸንፍ ለመገመት ትልቅ ንድፈ ሐሳብ አያስፈልግም። ሦስተኛው ደንቡ ነው፤ እዚህ ላይ ኮንጎ ትልቅ ትምህርት ትሰጣለች። የቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ ከኮሮና ወረርሽኝ አስቀድሞ ጎብኚዎች ጭምብል እንዲያደርጉ ያስገድድ ነበር፤ በድንበሩ ማዶ ያሉት የሩዋንዳና የኡጋንዳ ፓርኮች በ2020 እስኪገደዱ ድረስ አያስገድዱም ነበር። ደንቡ በኮንጎ ሁልጊዜ በሙሉ ተፈጽሟል ማለት አይደለም። ነገር ግን ተመሳሳይ እንስሳ ለማየት ከተመሳሳይ አገሮች የሚመጡ ሰዎች በአንዱ ተራራ ጭምብል የሚያደርጉት፣ በሌላው የማያደርጉት ለጎሪላ ያላቸው ፍቅር ድንበር ላይ ስለሚለወጥ ሊሆን አይችልም።

ተቃውሞዎቹ ጥቂት ናቸው። ጎሪላዎቹ፣ በተለይ ግልገሎቹ፣ ራሳቸው ይቀርባሉ ይባላል፤ በብዊንዲ ጥቅጥቅ ጫካም 7 ሜትር ርቆ ማየት አይቻልም ይባላል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ የሚጠይቀው ግን ሰው ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ እንጂ ካሜራውን እንዲያነሳ አይደለም። ሁለተኛው እውነት ከሆነ መፍትሔው በዚያ ሰዓት አለማየት ነው። የኢንስታግራም ፎቶግራፎች የተመረጡ ናቸው፣ ሰው የሚለጥፈው የቀረበበትን ብቻ ነው የሚልም አለ፤ ለርቀት ጥናት ይህ እንከን ነው፣ ለአመለካከት ጥናት ግን ምርጫው ራሱ ግኝቱ ነው።

ክብደት ያለው አንድ ተቃውሞ ብቻ ነው፦ ጎሪላው በዝቷል። በ2015 እና 2016 በተደረገው ቆጠራ በቪሩንጋ 604፣ በ2018 በብዊንዲና በአጎራባቹ ሳራምብዌ 459 ተቆጥረዋል፤ በድምሩ 1,063። በ2018 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የጎሪላውን የመጥፋት አደጋ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎታል። ማርታ ሮቢንስና ባልደረቦቿ በ2011 እንዳሳዩት በቪሩንጋ ሰው የለመዱት ቤተሰቦች በዓመት 4.1 በመቶ ሲያድጉ ያልለመዱት 0.7 በመቶ ቀንሰዋል። ታዲያ ጎብኚው ጎዳ ወይስ ጠቀመ? ጥናቱን አንብቦ ለጎብኚው የሚያጨበጭብ ሰው ግን ድምዳሜውን አላየም፤ ጥናቱ ለዕድገቱ ምክንያት የሚያደርገው በየዕለቱ የሚደረገውን ጥበቃና የእንስሳት ሐኪሞቹን ሕክምና ነው። ገንዘቡ በከፊል ከጎብኚው ኪስ መምጣቱን አልክድም። ገንዘብ መክፈልና መራቅ ግን ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ምስክር ሊሆን አይችልም። ሁለት ትንንሽ የጫካ ደሴቶች ላይ ብቻ ለሚኖር ፍጥረት ደግሞ የሠላሳ ዓመት ዕድገት በአንድ ወረርሽኝ ሊመለስ ይችላል።

ጥንቃቄ ይገባል፤ የጠቀስኳቸው መረጃዎች በአብዛኛው ከአንድ ፓርክ ናቸው፣ የተለያየ ዘመን ናቸው፣ ርቀቱም ብዙ ጊዜ በዓይን የተገመተ ነው። ይህ ሁሉ ቁጥሩን ትንሽ ያንቀሳቅሰው ይሆናል፤ የግኝቱን አቅጣጫ አይለውጠውም።

ከዚህ የሚከተለው ሥራ የታወቀ ነው። ጉርሻ ለአንድ አስጎብኚ በእጅ መሰጠቱ ቀርቶ በጋራ ሣጥን ይግባና ለሠራተኞቹ ሁሉ ይከፋፈል፤ ጎብኚው ሲርቅም ሲቀርብም የአስጎብኚው ድርሻ አይለወጥም። ጉንፋን ይዞኛል ብሎ በራሱ ፈቃድ ለሚመለስ ጎብኚ የፈቃዱ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ይመለስለት፤ አሁን ባለው ዋጋ ሳልን መደበቅ ለማንም ትርፍ ያለው ስሌት ነውና። ለአመለካከት ተመራማሪዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ ይቀርባል፦ መጠይቃችሁን አትጣሉት፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ተጠያቂ በዚያው ቀን ከጎሪላው ስንት ሜትር እንደቆመ በርቀት መለኪያ ተመዝግቦ ከመልሱ ጎን ይቀመጥ፤ የአስጎብኚው ጉርሻ በምን መልክ እንደተከፈለም ይታከልበት።