የነፍስ አባትና የሥራ ዓለም በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ

የሥራ ቦታ መንፈሳዊ አገልግሎት የሚባለው ካህን ወይም ሌላ የሃይማኖት አገልጋይ ሰዎች እንጀራቸውን በሚያገኙበት ስፍራ፣ በፋብሪካ፣ በመሥሪያ ቤት፣ በሆስፒታልና በጦር ሰፈር፣ እየተገኘ የሚሰጠው ጸሎት፣ ምክርና ማጽናናት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ አገልጋዩ «ቻፕሊን» ይባላል። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ይህን የመሰለ የሥራ መደብ የተለመደ አይደለም። ሥራው ግን አለ፤ የሚሠራውም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የነፍስ አባት ነው። የነፍስ አባት የሚያዘው ለሰውየውና ለቤተሰቡ እንጂ ለመሥሪያ ቤቱ አይደለም። ሰው ሥራ ቢለቅ ወይም ቢባረር ካህኑ አብሮት ይዘልቃል።

ለሥራ ተመድቦ የሚንቀሳቀስ ካህን በታሪክ የታየው በቤተ መንግሥት ነበር። የንጉሡ ድንኳን በተተከለበት ሁሉ ካህናተ ደብተራ የሚባሉት የድንኳን ቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ይከተሉ ነበር፤ ቄሰ ሐፄ ደግሞ የንጉሡ የራሱ ካህን ነበር። ከጎንደር መቆርቆር በፊት ነገሥታቱ በጣና ዙሪያ፣ በእንፍራዝ፣ በጎርጎራና በደንቀዝ ሲከትሙ፣ ይህ ሥርዓት አብሮ ከሰፈር ሰፈር ዞሯል። ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም አፄ ምኒልክን ተከትለው አድዋ ዘምተዋል።

የነፍስ አባት አገልግሎት

አንድ ቤተሰብ የነፍስ አባቱን፣ የንስሐ አባትም ይባላል፣ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከሚያስቀድስበት ደብር ካህናት መካከል ነው። ቄሱ የንስሐ ልጆቹን ቤት እየዞረ መስቀል ያሳልማል፣ ጸበል ይረጫል፣ የተጣሉትን ያስታርቃል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ የሞተ ሲኖር ፍትሐት ያደርሳል። ኑዛዜ የሚሰማበት የተለየ ክፍል የለውም። በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ዛፍ ሥር ወይም በቤት ጓዳ ይነጋገራሉ፤ የሰማውን ማውጣት ክልክል ነው።

የሥራ ጉዳይም በዚሁ በር ይገባል። ሚዛን ያጎደለ ነጋዴ፣ መማለጃ የተቀበለ ሹም፣ የሰው ደመወዝ ያስቀረ አሠሪ ንስሐ ሲገባ ካህኑ ቀኖና ይሰጠዋል፤ ስግደት፣ ጾም፣ ምጽዋት ይሆናል። የሰው ገንዘብ ከተወሰደ ግን መመለሱ ይቀድማል። በየቀኑ የሚያጋጥመው ጥያቄ ከዚህ የቀለለ ይመስላል፤ ለጠያቂው ግን አይቀልም። ሌሊት በፈረቃ ስትሠራ ያደረች የፈተል ሠራተኛ የሁዳዴን 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዴት ትጹም? ነፍሰ ጡር ብትሆንስ? በሽተኛ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ይዋጥ? የጾሙን ሕግ ሁሉም ያውቀዋል። ለዚህች ሴት፣ ለዚህ በሽተኛ እንዲህ ይሁን ብሎ የሚወስን ሰው ግን ያስፈልጋል፤ ያም ሰው የነፍስ አባት ነው።

የሥርዓቱ ደካማ ጎን የሚታየው ሰው ከአገሩ ሲወጣ ነው። ከገጠር ወደ ባሕር ዳር ለቀን ሥራ የመጣ ወጣት የነፍስ አባቱን ደጋ ወይም ቆላ ትቶ ይመጣል። በከተማው አዲስ እስኪይዝ ድረስ፣ ይህም ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ ችግሩን የሚያውቅለት ካህን በአቅራቢያው የለም። ለከተማ አገልግሎት ትልቁ ክፍተት ይኸው ይመስላል።

የበዓል ቀንና የእጅ ሥራ

ቤተ ክርስቲያን በጣና ዳርቻ ሥራን ከሁሉ በላይ የምትገዛው በቀን መቁጠሪያ ነው። ሲኖዶስ የሚባለው የግእዝ የቀኖና መጽሐፍ ሎሌዎች አምስት ቀን ሠርተው ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲሄዱ ያዛል። ቅዳሜን እንደ እሑድ የማክበሩ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ካከራከረ በኋላ፣ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጸደቀ። ሠላሳ ሦስቱን የእመቤታችንን በዓላት የደነገገውም ይኸው ንጉሥ ነው። አፅሙ በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም እንደሚገኝ ይነገራል።

በወር ውስጥ ሥላሴ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ ባለወልድ በ29 ይውላሉ። የትኛው በዓል በጥብቅ እንደሚከበር ከደብር ደብር ይለያያል። በበዓል ማረስ፣ ማጨድና መውቃት ነውር ነው፤ ከብት ማገድና ውኃ መቅዳት ይፈቀዳል። በዓል የሻረ ሰው በቀጠናው ላይ በረዶ ያመጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ አዝመራው ከተመታ ጣት የሚቀሰረው በእሱ ላይ ነው። ቅጣት የሚያስከፍለውም ከካህኑ ይልቅ ጎረቤቱ ነው።

አዲስ ሥራ አዲስ ጥያቄ ያመጣል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ መራዊ አካባቢ የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት እንዲያጠጣ ታቅዶ ተሠርቷል። የመስኖው ተራ በሚካኤል ቀን ሲደርስ ውኃ መክፈት ሥራ ነው ወይስ አይደለም? መልሱ ከማሳ በፊት የሚፈለገው ከነፍስ አባት ዘንድ ነው።

ዘጌ

መንፈሳዊ ሥልጣን ሥራን ሙሉ በሙሉ የቀረጸበት ስፍራ ቢኖር የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በትውፊቱ መሠረት አቡነ በትረ ማርያም ወደ ዘጌ መጥተው ሕዝቡ ሳያርስና ከብት ሳያረባ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተቀበሉ፤ የበትራቸው ስባሪም ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ። ትውፊቱ የሚያስደንቀው በሥራ ላይ መዋሉ ነው። በዘጌ ማረስና ከብት ማርባት ለብዙ ዘመን የተከለከለ በመሆኑ ነዋሪው ከዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና፣ በጌሾና በሎሚ ሲተዳደር ኖሯል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና ሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት በደን ተከበው ዛሬም ይታያሉ። ዳርቻው ታርሶ በተራቆተበት አካባቢ ዘጌ በደን እንደተሸፈነ መቆየቱ የዚህ ሥርዓት ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቡና ዋጋ ሲወድቅና የቤተሰብ መሬት ሲጠብብ ግን ወጣቱ ክልከላውን ይፈትነዋል፤ እንጨት ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይሄዳል።

ከተማውና አዲሱ ሠራተኛ

ባሕር ዳር የሠራተኛ ከተማ መሆን የጀመረችው በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋም ተከፈተ። ፋብሪካው ካህን አልቀጠረም፤ ሠራተኛው ግን የለመደውን ይዞ ገባ። በአንድ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች በወር አንድ ቀን በቅዱስ ስም ጽዋ የሚጠጡበት ማኅበር ያቋቁማሉ፤ ተራው የደረሰው ዳቦና ጠላ ያዘጋጃል፣ ቄስ መጥቶ ይባርካል፣ «ሙሴ» የሚባለው የማኅበሩ መሪ ሥርዓቱን ይመራል። የታመመ ባልደረባ ይጠየቃል፣ የተጣሉ ሳይታረቁ ጽዋው አይቀመስም። አለቃና ተራ ሠራተኛ በአንድ ጽዋ መጠጣታቸው ቀላል ነገር አይደለም።

በሌላው ዓለም መንገዱ የተገላቢጦሽ ነበር። በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ በ1944 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢንዱስትሪ ተልእኮ ካህናትን ወደ ብረት ፋብሪካዎች የላከው ሠራተኛው ከቤተ ክርስቲያን ስለራቀ ነው። በፈረንሳይ ካህናት ራሳቸው በፋብሪካ ተቀጠሩ፤ ቫቲካን በ1954 እ.ኤ.አ. ገደብ ጣለችባቸው። በጣና ዳርቻ ሠራተኛው ከቤተ ክርስቲያን አልራቀም፤ ከደብሩ የራቀው የሥራ ቦታው ነው።

ምእመናን ራሳቸው የጀመሩት ሌላው እንቅስቃሴ ከጎጃም ምድር ጋር የተያያዘ ነው። በ1977 ዓ.ም. ለመልሶ ማቋቋም ሥራ ወደ መተከል የዘመቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቅዱስ ሚካኤል ስም ማኅበር መሠረቱ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በብላቴ የጦር ማሠልጠኛ የተሰባሰቡ ተማሪዎች ተመሳሳይ ጉባኤ አደረጉ፤ ከእነዚህ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተወለደ። የግቢ ጉባኤያቱ ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ይገኛሉ፤ ተመርቀው የወጡት ልምዱን ወደ መሥሪያ ቤት ይዘው ይገባሉ። ወንጌላውያን ክርስቲያኖችም በተማሪዎች ኅብረታቸው፣ በኢቫሱ፣ ያደጉት የምሳ ሰዓት ጸሎት በየመሥሪያ ቤቱ ያደርጋሉ።

በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ካህን የሚገኘው እንደ ጠያቂ ነው። ጸበልና መድኃኒት የሚጋጩ ይመስላቸው ለነበሩ ሕሙማን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው ለብዙ ነፍስ አባቶች መልስ ሰጥቷል።

ሕጉና የካህኑ እንጀራ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መንግሥትንና ሃይማኖትን በአንቀጽ 11 ለይቷል። የሃይማኖት አማካሪ ስም የሚነሣው ስለ ሠራተኛ ሳይሆን በአንቀጽ 21 ስለ ታሳሪዎች የመጎብኘት መብት ሲናገር ነው። የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ዕረፍት ያዛል፤ በተቻለ መጠን እሑድ እንዲሆን ይፈልጋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ለምሳ መዝጋታቸው ለጁምዓ ሰጋጆች የሚመች ነው። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት የጣና ወይጦዎች ሙስሊሞች መሆናቸውን ለሚያውቅ አንባቢ፣ የዳርቻው ሥራ የአንድ ሃይማኖት ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

የነፍስ አባትነት ደመወዝ የለውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን መሬቷን አጣች፤ ከዚያ ወዲህ የከተማው ካህን በደብሩ ክፍያና በንስሐ ልጆቹ ስጦታ፣ የገጠሩ ደግሞ በራሱ እርሻ ይተዳደራል። የጎጃም የገጠር ቄስ ኪዳን አድርሶ፣ በዓል ካልሆነ፣ በሬውን ጠምዶ ከንስሐ ልጆቹ ማሳ አጠገብ ያርሳል፤ የሥራ ጥያቄያቸውንም ከራሱ ድካም ያውቀዋል።